ካሴት ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን፦ ለአንድ የትዝታ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ አንድ የጎንደር ተወላጅ ስለ ድሮው ካሴት፣ ሲኒማና ሬዲዮ የጻፉትን ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ብዕራቸው ለስላሳ ነው፤ የፒያሳን ምሽት፣ ከሙዚቃ ቤቶቹ ደጃፍ የሚለቀቀውን ዘፈንና በሲኒማው በር የሚጋፋውን ሕዝብ ሲያነሡ፣ ያን ዘመን የኖረ ሰው አብሯቸው መተከዙ አይቀርም። እኔም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን ያደግሁ ነኝና ከትዝታቸው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከትዝታው ተነሥተው ከደረሱበት ፍርድ ጋር ነው። ፍርዳቸው ባጭሩ ይህን ይላል፦ የካሴት ድምፅ ከዛሬው ይልቅ ሞቃትና እውነተኛ ነበር፤ ሲኒማ ቤቱ የጨዋነት ትምህርት ቤት ነበር፤ አንዱ ሬዲዮና አንዱ ቴሌቪዥን ቤተሰብንና አገርን ያስተባብሩ ነበር፤ የድሮ ዘፈን ከባዕድ ያልተቀዳ፣ ለገንዘብ ያልተዘፈነ፣ ቅኔ ያዘለ ነበር፤ በመጨረሻም ስልክ መጥቶ አዝማሪውንም የወጣቱንም ጆሮ ገደለ። አምስቱንም በተራ እመለከታለሁ፤ እኩል ቦታ ግን አይገባቸውም። በሁሉም ላይ የማየው ችግር አንድ ነው፤ ጸሐፊው በሰዎች ድካም ወይም በዘመኑ ግዴታ የሆነውን ነገር ሁሉ ለዕቃው አስመዝግበውለታል።

የድምፁ ነገር ቶሎ ያልቃል። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣ በዋናነት ያሰበው ንግግር መቅጃ እንዲሆን ነበር። ክሩ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሴኮንድ የሚጓዘውም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ዋናው ሥራ የሚቀዳበት ሰፊ ክር ግን በአብዛኛው በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል። ክር በጠበበና በዘገመ መጠን ቀጭኑ ድምፅ እየጠፋ፣ «ሽ» የሚለው የክሩ የራሱ ድምፅ እየጎላ ይሄዳል። ጎንደር የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቅጂ ቅጂ ነበር፤ አንዱ ኦርጅናሉን ከአዲስ አበባ ያመጣል፣ ሙዚቃ ቤቱ ከእርሱ ይቀዳል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያስቀዳል፣ የመጨረሻው ዘፈንም የገጹ ክር በቃኝ ባለበት ላይ ተቆርጦ ይቀራል። በእያንዳንዱ ቅጂ ቀጭኑ ድምፅ ይሸረፋል፤ የሚተርፈው ወፍራሙ ነው። ጸሐፊው ሙቀት ያሉት ይህንኑ ሽርፍራፊ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክምማ ድምፃዊቷ ወደ ወንድነት ትለወጥ ነበር፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን እስኪያገግም እንጠብቃት ነበር። ይህን የሚወድ ሰው መውደድ መብቱ ነው። እውነተኛ ድምፅ ማለት ዘፋኙ በማይክሮፎኑ ፊት ያሰማው ድምፅ ከሆነ ግን፣ ከዋናው ክር ወይም ካልተጫረ ሸክላ በጥንቃቄ የተገለበጠ ዲጂታል ቅጂ ይበልጥ ይቀርበዋል። የ1960ዎቹ ሸክላዎቻችንን የውጭው ዓለም በስፋት የሰማቸውም፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ በሲዲ እያሰባሰበ ማሳተም ሲጀምር ነው።

በሲኒማው ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ የተራቀቁበት ክፍል ይኸው ነውና። ሰዉ ኮትና ክራባት አድርጎ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገቡ እንደነበር፣ በአዳራሹም ውስጥ ሥርዐትና ጸጥታ እንደነበር ጽፈዋል። አለባበሱ እውነት ነው። ጸጥታውን ግን እኔ በተቀመጥሁበት ረድፍ አላየሁትም። ወደ እኛ የሚመጣው ፊልም ብዙ ከተማ ዞሮ የደከመ ነበርና በየመሐሉ ይበጠስ ነበር፤ በተበጠሰ ቁጥር ፉጨቱና የወንበሩ ድብደባ ጣሪያውን ያነቃንቃል፤ መሳሳም ሲመጣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይሳደባል፤ የሕንድ ፊልም ሲሆን ደግሞ አንድም ቃል ሳንሰማ የምናለቅሰው ለቅሶ ከውጭ ይሰማ ነበር። ይህ ሁሉ ግሩም ነበር፤ ጨዋነት ማለት ግን አይደለም። በኛ ሠፈር ለብቻዋ ሲኒማ የገባች ልጃገረድ ስሟ ለሳምንት ይነሣ ስለነበር፣ እኅቶቻችን አብዛኛውን ፊልም ያዩት እኛ ወንዶቹ ቤት ገብተን ስንተርክላቸው ነው። ዛሬ የማንም ፈቃድ ሳትጠይቅ በስልኳ ፊልም የምታይ ልጅ ለዚያ ዘመን የምትናፍቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ የሚከብደው ነጥብ የሲኒማው ትምህርት ይዘት ነው። አዳራሹን ከነ ፖስታ ቤቱና ከነ ቀሩት የፒያሳ ሕንፃዎች የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ፣ በምሥራቅ አፍሪካ እጁን የሰጠው የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እዚሁ የነበረው ነው፤ ሕንፃዎቹ ግን ቀሩ፤ ሲኒማውም ለእኛ ሆነ። ምን ይታይበት እንደነበር በግልጽ ከተናገሩት ሰዎች አንዱ የዚህችው ከተማ ልጅ ናቸው። በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለዱት፣ በአባታቸው ተውኔቶች መካከል ያደጉት ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ፣ ልጅ ሳሉ ከሲኒማ የተመለከቱትን የካውቦይ ውጊያ በጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ይጫወቱት እንደነበር በቃለ መጠይቅ ተናግረዋል። በዚያ ጨዋታ ልባቸው ከካውቦዩ ጋር እንጂ መሬቱ ከሚወሰድበት የአሜሪካ ቀይ ሕንድ ጋር አልነበረም። በታርዛን ፊልም ላይም አፍሪካውያኑ ከኋላው አድፍጠው ሲመጡበት፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት የጎንደር ልጆች ታርዛን እንዲጠነቀቅ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹለት ነበር።

ይህን ነገር ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አባቶቹ በዱር በገደሉ ከፋሺስት ጋር የተዋጉ ልጅ፣ ያ ፋሺስት በሠራው አዳራሽ ተቀምጦ፣ ከጥቁሩ ይልቅ ለነጩ ይሠጋል። ሲኒማ ቤቱ ትምህርት ቤት ነበር ማለታቸውን አልቃወምም፤ ያስተማረውን ሳይመረምሩ ምስክር ወረቀት መስጠታቸውን ነው የምቃወመው። ኃይሌ ገሪማ ኋላ በአሜሪካ ፊልም አጥንተው፣ በ1960ዎቹ መገባደጃ ወደ አገራቸው መጥተው ስለ ገባርና ስለ ባለ ርስት በአማርኛ ፊልም የሠሩት፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩትን ለመሻር ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጸሐፊው አንድ ዘመን ሙሉ ዘለው ማለፋቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሲኒማው ወደ ስልኩ በቀጥታ ይሻገራሉ፤ በመካከሉ ግን ቪዲዮ ቤት ነበረ። በአግዳሚ ወንበር የተሞላ ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ በእጅ የተጻፈ የፊልም ዝርዝር፣ ካራቴና ጦርነት። ወላጆቻችን ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤቱን የከሰሱበት ቃል፣ ጸሐፊው ዛሬ ስልኩን ከሚከሱበት ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሥራ ያስፈታል፣ ዐይን ያጠፋል፣ ልጅን ያባልጋል። ቪዲዮ ቤት የሚያመሸው ያ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎት ስለ ዘመኑ ወጣት ሲያማርር እሰማዋለሁ።

ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተጻፈው አስገርሞኛል። ጸሐፊው ቤተሰብ ሲመሽ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ እንደነበር አስታውሰው፣ አንድ ጣቢያ መኖሩ አገሩን ባለ አንድ ጆሮ አድርጎት ነበር ሲሉ ይደመድማሉ። በደርግ ዘመን ስንት ማታ በሬዲዮው ፍቅር፣ ስንት ማታ ደግሞ በሰዓት እላፊው ምክንያት ቤታችን እንደተሰበሰብን እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎንደር ውስጥ ከመሸ በኋላ ደጅ መገኘት ምን ያስከትል እንደነበር ለጎንደር ሰው አይነገርም። ጣቢያውም አንድ የሆነው በስምምነት አልነበረም፤ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ተደርጓል። ጆሯችንስ አንድ ነበር? በራችንን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ በ1957 ዓ.ም. የአማርኛ ሥርጭት የጀመረውን የጀርመን ድምፅና በ1975 ዓ.ም. የተከተለውን የአሜሪካ ድምፅ የምንሰማ አልነበርንምን? ጎንደር ለመተማ ቅርብ ናትና ማዕበሉ ሲመች የኦምዱርማን ሬዲዮ እየገባ የሱዳን ዘፈን ሲያስጨፍረን ያመሽ ነበር። ቴሌቪዥኑ በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ቢጀምርም፣ በሠፈራችን ያየነው ብዙ ቆይቶ፣ እሱም በአንድ ሰው ቤት መስኮት ተንጠልጥለን ነው። ባለቤቱ መጋረጃውን የዘጋ ዕለት የአገር አንድነቱም በዚያው ይዘጋ ነበር።

ወደ ዘፈኑ ስመጣ ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን በአንድ ገመድ አስረዋቸዋል፤ መፍታት አለብን።

ከባዕድ ያልተቀዳ መባሉ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ዘመናዊ ሙዚቃችን ከነሐስ መሣሪያ ጋር የተወለደ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሠለጠኗቸው ሙዚቀኞች ባይኖሩ፣ ጸሐፊው የሚናፍቁት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፅ በዚያ መልኩ አይገኝም ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ በኒውዮርክ ሥራውን አሳትሞ ነው የመጣው። ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳውን ሽለላ በሳክስፎን አሰማን፤ ሳክስፎኑ የባዕድ ነው፣ ሽለላው የእኛ ነው፣ የተገኘው ነገር ደግሞ ከሁለቱም በፊት ያልነበረ ነው። የሱዳኑ መሐመድ ወርዲ እዚህ አገር እንደ አገር ልጅ ተወድዷል። የዛሬውን ወጣት ከውጭ ዘፈን ምት ወሰድህ ብሎ መውቀስ ይቻል ይሆናል፤ ወላጆቹ አልወሰዱም ብሎ መመስከር ግን አይቻልም።

ለገንዘብ ያልተዘፈነ የሚለው ደግሞ ባለውለታን መርሳት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ) ሸክላዎችን አወጣ፤ ማኅሙድ አሕመድንና ሌሎችንም በእነዚያ ሸክላዎች ላይ እንሰማቸዋለን። ያን ሥራ ያንቀሳቀሰው የሙዚቃ ፍቅርና የንግድ ዐይን አንድ ላይ ነው። ገንዘቡን ከዘፋኙ ኪስ ያወጣውስ ማን ነው? ጸሐፊው የሚያመሰግኑት ካሴት ነው። እኛ ጎረቤት ለጎረቤት ስናስቀዳ ለድምፃዊው፣ ለግጥም ጸሐፊውና ለዜማ ደራሲው ሳንቲም አልከፈልንም፤ በሕግ በኩልም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 እስኪወጣ ድረስ 1996 ዓ.ም. መጠበቅ አስፈልጓል።

የቅኔው ነገር ከሦስቱ ረቂቁ ነው፤ ጸሐፊውም በከፊል ልክ ናቸው። ጎንደር የቅኔ አገር ናት፤ ሰምና ወርቅን ሳንሱር አልወለደውም። ሆኖም ግጥም ከመቀዳቱ በፊት ለመርማሪ በሚቀርብበት ዘመን፣ ዘፋኙ ነገሩን በፍቅረኛ ስም የሸፈነው ሁልጊዜ ለውበት ብሎ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ለእስር ተዳርጓል፤ ይህን ያየ ባልደረባ ወርቁን ቢቀብር አይፈረድበትም። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። ከዚያ በፊት የተሰረዙትን ስንኞች፣ ጭራሽ ያልተቀዱትን ዘፈኖች የሚናፍቅ የለም፤ ስላልሰማናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ የሰማናቸውንም ረስተናል። ስለ ምርት ዘመቻና ስለ አብዮቱ ድል በየጣቢያው ጧትና ማታ ይዘፈን የነበረው ስንት ነው? የኪነት ቡድኖቹ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስም ጭምር፣ ድንቅ የባህል ሥራዎች እንደነበሯቸው አውቃለሁ፤ መድረኩ ግን በመፈክር የተሞላ ነበር። ጸሐፊው አርባ ዓመት የተበጠረውን ምርጥ ዘፈን ትናንት ማታ ከወጣው ያልተበጠረ ዘፈን ጋር አቅርበው ያወዳድራሉ። እንዲህ ባለ ሚዛን አዲሱ ምንጊዜም ይቀልላል።

ስለ አዝማሪውና ስለ ወጣቱ ያሉት ደግሞ ክሱ በተሳሳተ ሰው ላይ የቀረበ ነው። የአዝማሪ ሙዚቃ ልኩ የተቀመጠው ሰው ነው፤ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ማሲንቆው መሐሉን ይሞላል፣ ግጥም አቀባዩ እስኪያልቅበት ድረስ ይቀጥላል። ይህን ጨዋታ መጀመሪያ የቆረጠው ስልክ አይደለም። በባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ደቂቃ ነውና፣ ሸክላው መጣና ዘፈኑን ለካው፤ ከዚያ የሚረዝመውን ከሁለት ከፍሎ በጀርባው አስቀመጠው። ካሴቱ ቢረዝምም አቀባዩን አስወጣው፤ ቴፕ ተቀበል ቢሉት አይቀበልም። ዛሬ በጎንደር አዝማሪ ቤት አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ ሳይ፣ እኔም እንደ ጸሐፊው መብራቱ ያናድደኛል፤ ነገር ግን ያ ቀረጻ ጨዋታውን ሳይቆርጥ፣ የአቀባዩን ድምፅና የሰዉን ሳቅ ሳያወጣ የያዘ ነው። ሸክላም ካሴትም ያላደረጉትን አደረገ። ትዕግሥት የለውም የተባለውም ወጣት በጥምቀት ዕለት ከታቦቱ ፊት ጧት ጀምሮ እየጨፈረ ሲወርድ ስልክ ያስፈለገው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ነገር አለ። በእጅ ያለ ቅጂ ክብር እንዳለው መናገራቸው ትክክል ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በአየር ላይ የነበረው ሙዚቃ ሁሉ በአንድ ቀን ራቀን። ያን ጊዜ ግን ማን ካሴት አወጣ? ወጣቶቹ ቀድመው በሚሞሪ ካርድ ያስቀመጡትን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላላኩ ከረሙ፤ አንዱ ያለውን ለሌለው ያስቀዳ ነበር። ጸሐፊው የካሴት ዘመን ፍሬ አድርገው የጻፉት መዋዋስ ካሴት በሌለበት ተመልሶ መጣ፤ ከዕጦቱና ከጉርብትናው የመጣ ነውና።

በጽሑፋቸው መገባደጃ ላይ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያስቀመጡት፣ የልጅ እጅ እንዲነካው የማይፈቅዱት አንድ ሣጥን ካሴት እንዳላቸው ይነግሩናል፤ በውስጡም የሠርጋቸው ዕለት የተጫወተው አዝማሪ፣ የሟች እናታቸውም ድምፅ እንዳለ። ከጠቅላላው ጽሑፍ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። የካሴት ክር ጌጥ አይደለም፤ የተቀባው የብረት ዱቄት ከዓመት ዓመት እየለቀቀ ይሄዳል፤ የጣሪያ ሥር ሙቀት ያጥፈዋል፤ የክረምቱ እርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል። የ90 ደቂቃው ደግሞ ክሩ ከ60ው ይልቅ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሳባል። በአገራችን ስንትና ስንት የሠርግና የለቅሶ ድምፅ የጠፋው በእርጅና ሳይሆን፣ በላዩ እንዳይቀዳበት የሚሰበረው የካሴቱ ጥርስ ሳይሰበር ቀርቶ ወይም በተሰበረው ላይ ወረቀት ተጠቅጥቆበት፣ በላዩ ላይ አዲስ ዘፈን ስለተቀዳበት ነው። ያ ሣጥን በአክብሮት እንደተቀመጠ ባዶ እየሆነ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ አዝማሪው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደተጫወተ፣ ግጥሙን ማን እንዳቀበለ የሚያውቁት እሳቸውና ጥቂት እኩዮቻቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ከክርክሩ ወጥቼ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ካሴቶቹን ከቁም ሣጥኑ አናት ያውርዷቸው፤ ጥርሳቸውን ይስበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በሚያስታውሱት መጠን ይጻፉበት፤ የማጫወቻው ራስ በአልኮል ተጠርጎ፣ ክሩ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ተጠቅልሎ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እየተጫወቱ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጧቸው፤ ቅጂውም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ይህን ሥራ የሚያውቁት ደግሞ ጆሮ የላቸውም የተባሉት ወጣቶች ናቸው፤ ጎንደር ውስጥ ገመዱንም ፕሮግራሙንም ይዘው የሚመጡ አሉ። የሚቸግራቸው በትክክለኛ ፍጥነት የሚዞር ቴፕ ማግኘት ብቻ ነው፤ የእኔ ገና ይሠራልና አውሳቸዋለሁ።